የተመራቂው ጋዋንና የሠራተኛው ላብ

በየዓመቱ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሮች ለእንግዳ ወለል ብለው ይከፈታሉ። ጥቁር ጋዋን ያጠለቁና አራት ማዕዘን ቆብ የደፉ ወጣቶች በሰልፍ ይገባሉ። ከበሩ ውጭ ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ ጋቢውን የደረበ አባት፣ ከፈረቃ አለቃው ፈቃድ ጠይቆ የመጣ ታላቅ ወንድም እቅፍ አበባ ይዘው በካፊያው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ስም ሲጠራ እልልታው ይቀልጣል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ይሯሯጣል፤ በማግሥቱም ፎቶግራፉ በፍሬም ገብቶ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሰቀላል።

ይህን ደስታ የአንድ ቤተሰብ ደስታ ብቻ አድርጎ መመልከት ግን ነገሩን ከላይ ከላይ ማየት ይሆናል። በሰልፍ የሚገባው ወጣት ብቻውን የገባ ቢመስልም ከበስተኋላው እጅግ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ለመሆኑ ምረቃው የማን ነው? ወጪውንስ ማን ሸፈነው? ጋዋኑ ከወለቀ በኋላ ተመራቂው ከኅብረተሰቡ፣ ኅብረተሰቡም ከተመራቂው ምን የመጠየቅ መብት አለው? እነዚህን ጥያቄዎች በሚገባ ማንሣትና መመለስ በየሠፈሩ በእድርና በማኅበር ለተደራጀው ነዋሪ፣ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ለተሰማራውም ሠራተኛ ከማንም በላይ ተገቢው ነው እንላለን።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

በቅድሚያ ቋንቋችንን እንጠይቅ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፤ የተሰበሰበውም «አሜን» ይላል። ገበያ የወጣች ሴት እህሉ ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ነጋዴዋን «መርቂልኝ እንጂ!» ትላታለች፤ ከሥፍሩ በላይ አንድ እፍኝ እንድትጨምርላት ነው። ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ ይመረቃል፤ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲወጣ ይመረቃል፤ ፋብሪካም ሥራ ሊጀምር ሲል ይመረቃል። በመሆኑም በዚህ አንድ ቃል ውስጥ በረከት መቀበል፣ ከሚገባው በላይ መጨመርና ለአገልግሎት መብቃት በአንድነት ይኖራሉ።

ሰፊው ሕዝብ ለዩኒቨርሲቲው በዓል ይህንኑ ቃል የሰጠው በከንቱ አይደለም። የተመረቀ ድልድይ ሰው ካልተሻገረበት ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ ነው። የተመረቀ የውሃ ጉድጓድ እንስራ ካልተሞላበት አፉን የከፈተ ጉድባ ነው። የተመረቀ ሰውም እንዲሁ ነው። በተጨማሪም ምርቃት መራቂ ይፈልጋል፤ ማንም ራሱን በራሱ አይመርቅም። በመድረኩ ላይ ዲግሪውን የሚያስረክበው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችላል፤ የምርቃቱ እውነተኛ ባለቤት ግን ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሕዝብ ነው።

ተማሪን ማን ያበላ ነበር?

ተማሪ በሕዝብ ጉልበት መኖሩ በአገራችን የዛሬ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ስም ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን በፊት የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየደጃፉ ቁራሽ ያገኛል፤ ማታ ማታ ከጎጆው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዓመታት ድካም በኋላ ድጓ ከሆነ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ወርዶ ሲያስመሰክር «መምህር» ይባላል። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ደረሳው በመስጊድ ዙሪያ ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ ሲቀራ እንዲሁ የአካባቢው ገበሬ እህሉን ያካፍለው ነበር።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዕውቀቱ በጥቂቶች እጅ መቅረቱ፣ የሴት ልጅም ድርሻ እጅግ ጠባብ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነበር። ቁራሿን የሰጠችው ባልቴት ተማሪው የማን እንጀራ በልቶ እንዳደገ ታውቃለች፤ ተማሪውም ያውቃል። ማብላቱ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። ዛሬ ያ ቁራሽ በግብር፣ በበጀትና በመመሪያ መልክ ስለሚያልፍ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልተቋረጠም።

የጋዋኑ ምንጭ

ጋዋኑና ቆቡ ከአውሮፓ የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛ፣ በፓሪስና በኦክስፎርድ ይማሩ የነበሩት ሰዎች በአብዛኛው የቤተ ክህነት ሰዎች ስለነበሩና የድንጋይ ሕንፃዎቹም ቀዝቃዛ ስለነበሩ ረጅም ልብስ መልበስ የተለመደ ነበር። የዛሬው ጋዋን የዚያ ልብስ ቅሪት ነው።

ለእኛ ለሠራተኞችና ለማኅበርተኞች ከልብሱ ይልቅ የሚበጀን ግን የስሙ ታሪክ ነው። «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ቃል የተገኘው ከላቲን ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ትርጉሙ ማኅበር ማለት ነበር። ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው፣ ግንበኛው መብቱንና የሙያውን ደረጃ ለማስጠበቅ በማኅበር እንደሚደራጅ ሁሉ መምህራንና ተማሪዎችም በማኅበር ተደራጁ። «ማስተር» የሚባለው ማዕረግ እንኳ ከዕደ ጥበብ ማኅበራት ጋር የጋራ ነው። ለማጅ ከባለሙያው ዘንድ ዓመታት ሠርቶ፣ ችሎታው ታይቶና ተመስክሮለት «ማስተር» ይባል ነበር። ዲግሪም ይኸው ነበር፤ ሰውየው የማኅበሩ ሙሉ አባል ሆኖ ሌሎችን ለማስተማር የሚያስችለው ፈቃድ።

እንግዲህ ምሁሩንና የእጅ ባለሙያውን የተለያየ ዘር አስመስሎ የሚያይ አመለካከት በታሪክ ፊት መሠረት የለውም። በአንድ ወርክሾፕ አሥር ዓመት የሠራ መካኒክ ለማጁን «አሁን በቅተሃል፤ ብቻህን ፍታው» የሚልበት ቀንና የዩኒቨርሲቲው የምረቃ ቀን በምንጫቸው ወንድማማቾች ናቸው።

ከ33 ተማሪዎች እስከ ዛሬ

በአገራችን ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፍት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ዛሬ በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡትን ተማሪዎች እንኳ አያክልም። ኮሌጁ ከሌሎች የትምህርት ተቋማት ጋር ተዋሕዶ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢው ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ደም የፈሰሰበት ቤት የመጻሕፍትና የምርምር ቤት ሆነ ማለት ነው። ተቋሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም የሚጠራው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ተመራቂውም ዲግሪውን ከእጃቸው እጅ ነሥቶ ይቀበል ነበር። የሥርዓቱ መልእክት ግልጽ ነው፤ ዕውቀት ከላይ የሚወርድ ችሮታ፣ ተመራቂውም የችሮታው ባለውለታ መሆኑን የሚያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪው ዓይኑን ወደ ታች፣ ወደ እውነተኛው ከፋይ መመለስ የጀመረው ሳይቆይ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ደንብ መሠረት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ከግቢ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። የከተማው ልጅ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ጎዳናዎች «መሬት ለአራሹ» በሚል የተማሪዎች ድምፅ ተሞሉ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥፍራው ይዘውት የመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለሕዝብ ታየ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርትም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ፣ በጎልማሳነቷ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈች እናት በየቀበሌው ታየች። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን በታሪካችን ሊሸፈን የማይገባው ቁስልም አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ቀይ ሽብር እጅግ ብዙ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ታሰሩ፤ ተሰደዱ። ለገበሬው መሬት ሲጮኹ ከነበሩት መካከል ጋዋን ሳያጠልቁ የቀሩት የትየለሌ ናቸው። በየቤቱ የሚሰቀለው የምረቃ ፎቶግራፍ በአንዳንድ ቤት ቦታው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ኅብረተሰብ የተማረ ልጁን ሲገድል የራሱን ነገ እንደሚገድል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በፍጥነት አድጓል። ቀደም ሲል በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። አንድ ወጣት ከፍተኛ ትምህርት ለማግኘት የግድ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አለማያ መጓዝ ያለበት ዘመን አልፏል። ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም።

ወጪው የማን ነው?

አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አራት ወይም አምስት ዓመት ይቀመጣል። እርሱ ገና በእንቅልፍ ላይ ሳለ የተማሪዎች ምግብ ቤት ሠራተኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ታሰማለች። የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ያቆሙት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ወደዚያ ግቢ ገብተው አያውቁም። ሌሊቱን በብርድ ቆሞ የሚያድረው ዘበኛ፣ ኮሪደሩን የምትጠርገው እናት፣ ዱቄቱን በሌሊት የሚያጓጉዘው ሾፌር በዲግሪው ላይ ስማቸው አይጻፍም። የቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ የተገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የውጭ ምንዛሪው ደግሞ የጅማና የሲዳማ ገበሬ ቡናውን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ያመጣው ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዙን በእጁ ሳይዝ ግብሩ ይቆረጣል። ሳሙና የምትገዛው እናት በዋጋው ውስጥ የተደበቀውን ታክስ ትከፍላለች። ከእነዚህ ሁሉ ጥሪት የተዋጣው ነው በጀት ሆኖ ዩኒቨርሲቲውን የሚያቆመው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተመራቂው የወጪውን ከፊል ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየቀነሰ እንዲከፍል ውል ይገባል። «እንግዲህ ዕዳዬን በገንዘብ ከከፈልሁ ከማንም ጋር አልተያያዝሁም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ የተሳሳተ ስሌት ነው። በውሉ ውስጥ የተጻፈው የትምህርቱ ወጪ ከፊል፣ የምግብና የመኝታ ዋጋ ነው። በውሉ ውስጥ ያልተጻፈው ግን ይበልጣል።

ታናሽ ወንድሟ እንዲማር ስትል ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር የተሰደደች እህት ስንት ናት? በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ስትለፋ ውላ ከደመወዟ ላይ ለደብተርና ለልብስ ትልካለች። የምረቃው ቀን እንኳ ወንድሟን የምታየው በስልኳ መስተዋት ውስጥ ነው፤ ያውም አሠሪዋ ከፈቀደችላት። እሷ ስላልተማረች ነው እሱ የተማረው። ይህን ዕዳ የትኛውም ደንብ በብር ሊተምነው አይችልም። ዕዳው ሊከፈል የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የተማረው ሰው ዕውቀቱን የሷ ዕጣ ለሌላይቱ ልጅ እንዳይደርስ ሲያውለው።

ያልተፈታው ተቃርኖ

እልልታው እንዳለ ሆኖ ተጨባጩን ሁኔታ ሳይሸፋፍኑ መመልከት የኃላፊነት ግዴታ ነው። ሕንፃው ከመምህሩ፣ የተማሪው ብዛት ከመጽሐፉ ቀድሞ ተስፋፍቷል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ጥብቅ በሆነ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና አኃዙ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ከመቶ ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከበሩ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ላይ ተግባራዊ የሆነውን የመውጫ ፈተና ያለፉትም ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

እነዚህ አኃዞች ወጣቱን ለመንቀፍ የሚጠቀሱ ከሆነ ከንቱ ናቸው። ተማሪው የተማረው ባገኘው መምህር፣ ባገኘው መጽሐፍ፣ በአንድ ወንበር ላይ ከሦስት ከአራት ልጆች ጋር ተጠጋግቶ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በትግራይ የነበሩ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ዕድሜያቸው አለፈ፤ በአማራና በአፋር ክልሎችም ትምህርት ቤቶች ወደሙ። ጥይት በሚጮህበት ቦታ ፊደል አይሰማም።

ሌላው ተቃርኖ ከምረቃው በኋላ የሚመጣው ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከተማሪው 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወስኖ እጅግ ብዙ መሐንዲሶች ተመረቁ። መሐንዲሱን የሚቀበለው ፋብሪካ ግን በዚያው ፍጥነት አልተተከለም። በውጤቱም ዲግሪውን በፌስታል ጠቅልሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚዞር ወጣት በየከተማው በዛ። ሰሌዳው «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል፤ ሥራ ሳይሰጡት ልምድ ከየት እንዲያመጣ እንደሚፈልጉ የጻፈው ክፍል ቢጠየቅ መልስ የለውም። ሥራ ያገኘውም ቢሆን ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍበት ጊዜ አለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ኑሯቸው ያነሡት ጥያቄ ይህንኑ የሚያመለክት ነበር። ሕዝብ ሐኪሙን «አገልግለኝ» የማለት ሙሉ መብት አለው፤ ሐኪሙም «ሠርቼ ልብላ» የማለት መብት አለው። አንዱ መብት ሌላውን አይሽረውም።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከዚህ ሁኔታ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ተወልደዋል። ሁለቱም ተጋልጠው ሊታረሙ ይገባል።

የመጀመሪያው የአንዳንድ ተመራቂዎች አመለካከት ነው። ዲግሪ ማለት ከሕዝብ በላይ የሚያወጣ መሰላል፣ እጅን ከአቧራና ከግራሶ የሚያድን የነፃነት ወረቀት ነው ብለው ያምናሉ። አባታቸው በእርሻ፣ እናታቸው በጉሊት እንዳሳደጓቸው እያወቁ የእጅ ሥራን ይንቃሉ፤ ሥራውን ሲንቁ የናቁት ያሳደጓቸውን ወላጆች መሆኑን አይገነዘቡም። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ቀጥቃጭን «ጠይብ» እያለ ሲሰድብ የኖረው የድሮው ንቀት ጋዋን ለብሶ ሲመለስ እንደማየት የሚያሳዝን ነገር የለም። በአካባቢ ካሉ ሦስት ጓደኞች ጋር ተደራጅቶ የእንጨት ሥራ የጀመረ የኢንጂነሪንግ ተመራቂ አልወደቀም፤ ካልኩሌተሩን ከመጋዙ ጋር አገናኘ እንጂ።

ሁለተኛው አመለካከት በእኛው መንደር፣ በቡና ላይ የሚሰማው ነው። «የእገሌ ልጅ ተምሮ ምን አተረፈ? ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የኛው ልጅ ባለ ባጃጅ ሆኖ ቤተሰብ ያስተዳድራል» ይባላል። ባጃጅ ነጂው በላቡ የሚኖር ክቡር ሠራተኛ ነው፤ እርሱን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን በእርሱ አስታክኮ ትምህርትን ማናናቅ ራሱን ባጃጅ ነጂውን ይጎዳዋል። ሚስቱ ስታምጥ የሚያዋልዳት ማን ነው? የሚነዳበትን አስፋልት የቀየሰ ማን ነው? ያለአግባብ ሲከሰስ የሚሟገትለትስ? ድሃው ትምህርትን ሲተው ትምህርት ከምድር አይጠፋም፤ የባለገንዘብ ልጅ ብቻ ርስት ሆኖ ይቀራል። የሥራ አጡ ተመራቂ ችግር የትምህርት ብዛት ያመጣው ሳይሆን ትምህርቱና ምርቱ ሳይገናኙ መቅረታቸው ያመጣው ነው። ሐኪም ያላየ ገጠር፣ መሐንዲስ የሚሻ የውሃ ጉድጓድ፣ መምህር የጎደለው ትምህርት ቤት በሞላበት አገር «የተማረ ሰው ተረፈ» የሚል ሁሉ ቆጠራውን እንደገና ይጀምር።

ምን ይደረግ?

ችግሩን ተናግሮ መፍትሔውን ለሌላ መተው የቡና ላይ ወሬ ነው። ትልቁ ኃላፊነት በፖሊሲ አውጪውና በአሠሪው ላይ እንዳለ ግልጽ ነው። ሆኖም ከእያንዳንዳችን እጅ ያልራቀ ሥራ አለ።

የፋብሪካና የወርክሾፕ ሠራተኞች ለተግባር ልምምድ የሚመጣውን ተማሪ ፋይል እንዲያመላልስ ወይም ሻይ እንዲያመጣ ሊያደርጉት አይገባም። ማሽኑን ያስነኩት፤ ቡሎን ያስፈቱት፤ ሲሳሳት ያርሙት። በሦስት ወር ውስጥ ከአንድ ነባር ሠራተኛ የሚቀስመውን ዕውቀት በሁለት ዓመት ትምህርት ላያገኘው ይችላል። ነባሩ ሠራተኛም ከእርሱ የሚማረው አይጠፋም።

በየመሥሪያ ቤቱ የቅጥር ኮሚቴ አባል የሆነ ሁሉ አንድ ቦታ በዘመድ ወይም በጉቦ ሲሞላ የገበሬው ልጅ አምስት ዓመት የደከመበት ዲግሪ እንደተቀደደ ይቁጠረው። ማስታወቂያውን በግልጽ መለጠፍ፣ ውጤቱን በግልጽ መንገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኅሊና ብቻ ይጠይቃል።

በየሠፈሩ ያሉ እድሮችና ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ለምረቃ ድግስ በሬ ሲጣል፣ ድንኳን ሲተከል፣ ወላጅ ተበድሮ ሲደግስ እናያለን። ደስታ አይነቀፍም፤ ድፎውም ይቆረስ፣ ጠላውም ይጠመቅ። ነገር ግን ለአንድ ቀን ድግስ የሚወጣው ብድር ተመራቂው ሥራውን ሳይጀምር በዕዳ ሊያጠምደው አይገባም። ከድግሱ ወጪ ተቀንሶ ለልጁ የሥራ መሣሪያ ቢገዛበት፣ ለሠፈሩ ልጆችም ጥቂት መጻሕፍት ቢገዙበት ምርቃቱ ዓመት ይዘልቃል። የእድሩ ቤት ከወር እስከ ወር ተዘግቶ ከሚውል በክረምት ሁለት ወር ይከፈት፤ ሥራ እስኪያገኝ የሚጠባበቀው ተመራቂ በዚያ ውስጥ የሠፈሩን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያስጠና። ከመቶ ዘጠናው ከበሩ ላይ በሚቀርበት ጊዜ አንድ ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት ለአሥር ልጆች የሚያበረክተው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዛሬው ተመራቂ የነገውን ተመራቂ ያወጣል ማለት ይህ ነው።

በዚህ ዓመት ጋዋን ላጠለቃችሁ ወጣቶች የምንለው ብዙ አይደለም። ደስታችሁ ደስታችን ነው፤ ድካማችሁንም እናውቃለን። በባዶ ሆድ የተጠናበትን ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን የተነበበውን ወረቀት፣ ደውላችሁ ለቤተሰብ «ደኅና ነኝ» ያላችሁበትን ያልደኅና ቀን እናውቃለን። ስለዚህ ቀና ብላችሁ ሂዱ። ነገር ግን ቀና ስትሉ የምግብ ቤቷን ሠራተኛ፣ ዘበኛውን፣ ከባሕር ማዶ ያለችውን እህት የማታዩ እንዳትሆኑ። ሥራ ስትይዙ በጠረጴዛችሁ ፊት ቆቡን በእጁ ይዞ የሚቆመው ባላገር ጉዳዩን ሊለምን የመጣ ባይተዋር አይደለም፤ ያስተማራችሁ ሰው ነው። «ነገ ና» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሥራ ያላገኛችሁም እንዳታፍሩ። ውርደቱ የእናንተ አይደለም፤ እጃችሁ እስካለ፣ ዕውቀታችሁም እስካለ የሠፈራችሁ በር ክፍት ነው። በሩን ክፍት ማድረግ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ ለተመራቂው ብቻ አይመርቁም፤ ለቀዬው፣ ለከብቱ፣ ለአዝመራው፣ ለመንገደኛው ጭምር ይመርቃሉ። የሐምሌው ምርቃትም እንዲሁ ነው። በአንድ ወጣት ራስ ላይ ያረፈው እጅ የብዙ ሺህ ሰው እጅ ነው፤ «አሜን» ተብሎ የሚፈጸመውም በአዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በሥራ ቦታ ነው።